ሳሙኤል ድምፅ ሰምቶ ወደ ዔሊ ስለ ምን ሮጠ?

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ካህን የሚጠብቅ ምእመን አይጠፋም። አንዳንዱ የልጅ ጋብቻ አስጨንቆት፥ አንዳንዱ ወደ ባዕድ አገር ለመሄድ አስቦ፥ አንዳንዱም ሕመም ጸንቶበት የመጣ ነው። ነገሩ ልዩ ልዩ ይምሰል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም «አባ፥ እግዚአብሔር በዚህ ነገር ምን ይለኛል? ፈቃዱንስ በምን ዐውቀዋለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ይህን መጠየቅ ያልጀመረ ክርስቲያን ገና መንገዱን አልጀመረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደማየው ጠያቂው መልሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈልገዋል፤ መልሱም እርሱ አስቀድሞ በልቡ የቈረጠውን የሚያጸናለት እንዲሆን ይመኛል። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ምሪት መስማት በትምህርት የሚገኝ ነገር መሆኑን፥ ትምህርቱንም ማንም ሰው ብቻውን ሊማረው አለመቻሉን፥ በነቢዩ በሳሙኤል ታሪክ ለመመልከት አስቤአለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን «ሰማ» ሲባል ድምፅ በጆሮ መግባቱን ብቻ አያመለክትም። እናት ስለ ልጅዋ «ይህ ልጅ አይሰማም» ብላ ስታዝን ጆሮው ደንቍሮአል ማለቷ አይደለም፤ የታዘዘውን አይፈጽምም ማለቷ ነው። በግዕዝም ሰምዐ ከሚለው ግሥ ስምዕ የሚለው ስም ይወጣል፥ ትርጓሜውም ምስክርነት ነው፤ ሰማዕት የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። እንግዲህ በአባቶቻችን ቋንቋ የሰማ ሰው ማለት የሰማውን የሚፈጽም፥ ስለ ሰማውም የሚመሰክር፥ ምስክርነቱም ቢያስፈልግ ደሙን እስከ ማፍሰስ የሚያደርሰው ሰው ነው። አጽምአ የሚባል ሌላ ግሥም አለ፤ ጆሮን አዘንብሎ ማድመጥ ነው። ውኃ መጠማትንም ጸምአ እንላለን። ሰዋስው ዐዋቂዎች በሁለቱ ሥር ላይ ይከራከሩ፤ እኔ ግን በተማሪነቴ በበጋ መንገድ ስንሄድ ከሁላችን ይልቅ የተጠማው ልጅ የምንጩን ድምፅ ከሩቅ ሲለይ ስላየሁ፥ ሁለቱን ቃላት አብሬ ማሰብ ደስ ይለኛል።

የሳሙኤል ታሪክ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአንደኛ ሳሙኤል፥ በግዕዙ ሥርዓት ግን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ይገኛል። የሚጀምረውም ከመስማት ነገር ነው። እናቱ ሐና ልጅ በማጣት አዝና በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይወጣም ነበር። ካህኑ ዔሊ በመቃኑ አጠገብ በወንበሩ ተቀምጦ አፏን ይመለከት ነበርና፥ ይህች ሴት ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ይህን ልብ ይሏል። በዚያች ሰዓት ድምፅ የሌለውን ጸሎት እግዚአብሔር ሰማ፤ ካህኑ ግን ያየውን ብቻ ይዞ ፈረደ። ሆኖም ዔሊን ለማመስገን የሚገባን ነገር አለ፤ ሐና በትሕትና ስታስረዳው ፍርዱን አላጸናም፥ ወዲያው መርቆ በሰላም ሰደዳት እንጂ። ስሕተቱን ሲነግሩት የሚመለስ ካህን መሆኑ ኋላ በዚያች በታወቀችው ሌሊት ጠቅሞታል፤ ለሳሙኤልም ጠቅሞታል።

ዘመኑ የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ የሆነበት፥ ራእይም የማይገኝበት ዘመን እንደ ነበረ መጽሐፉ ይነግረናል። ይህ ስለ ምን ሆነ? የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ከፍ ብሎ በሁለተኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። ሕዝቡ መሥዋዕት ሲያቀርብ ስቡ ለእግዚአብሔር ከመቃጠሉ በፊት ሦስት ጣት ያለውን ሜንጦ እየላኩ ሥጋውን ያስወስዱ ነበር፤ እምቢ ያላቸውንም በግድ እንቀማለን ይሉ ነበር። በዚህም የተነሣ የእግዚአብሔር መሥዋዕት በሰው ዘንድ ተናቀ። እግዚአብሔር ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ አይመስለኝም። አገልጋዩ ከጌታው በፊት በሚበላበት ቤት ውስጥ የሜንጦው ድምፅ ከነቢዩ ድምፅ ይልቅ ይሰማል። እኛ ካህናት ሕዝቡ አይሰማም ብለን ስንወቅስ ይህን ምዕራፍ ብናነብበው መልካም ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በእንዲህ ያለ ዘመን በአንዲት ሌሊት ዔሊ በስፍራው ተኝቶ ነበር፤ ዓይኖቹም ከእርጅና የተነሣ ፈዝዘዋል። ብላቴናው ሳሙኤል ደግሞ ታቦተ እግዚአብሔር ባለበት በመቅደሱ ተኝቶአል፤ መብራቱም ገና አልጠፋም። እግዚአብሔርም ጠራው። ብላቴናው ተነሥቶ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ዔሊ ነው። አረጋዊው እኔ አልጠራሁህም፥ ተመልሰህ ተኛ አለው። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ፤ ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ዔሊ ጠሪው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለ፤ እንደ ገና ቢጠራው በባሪያ ሥርዓት ሆኖ ጌታው እንዲናገር ይለምን ዘንድ ለብላቴናው አስተማረው። በአራተኛው ጊዜ ሳሙኤል ሰማ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲሰብኩ የሳሙኤልን ሩጫ እንደ ሕፃን ስሕተት ቈጥረው ፈጥነው ያልፉታል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አደርግ ነበር። ዛሬ ግን የትምህርቱ ፍሬ ያለው በዚያ ሩጫ ውስጥ ነው እላለሁ። መጽሐፉ ሳሙኤል በዚያን ጊዜ የእግዚአብሔርን ድምፅ ለይቶ ከማወቅ እንዳልደረሰ ይገልጻል። ታዲያ በመቅደስ ያደገ፥ በታቦቱ አጠገብ የሚተኛ፥ በፍታ ኤፉድ ታጥቆ የሚያገለግል ብላቴና ድምፁን ካላወቀ፥ እግዚአብሔር በመጀመሪያው ጥሪ «እኔ ነኝ» ብሎ ስለ ምን አላስታወቀውም?

አንደኛ፥ ብላቴናው እስከዚያች ሌሊት የሚያውቀው ጠሪ ዔሊ ብቻ ስለ ነበር ነው። እግዚአብሔር ሳሙኤል መታዘዝ በለመደው ድምፅ መስሎ ጠራው። ዐይናማ ያልሆነ ሽማግሌ በእኩለ ሌሊት ሲጠራው ሦስት ጊዜ ሳያጕረመርም የተነሣ ልጅ ነው። በሁለተኛው ጊዜ «ሽማግሌው በእንቅልፍ ልባቸው ይቃዣሉ» ብሎ ተከናንቦ ቢተኛ ኖሮ ጥሪው ያልፈው ነበር። ለደካማው ሰው የተነሣበት መነሣት ለእግዚአብሔር የሚነሣበት ልምምድ ሆነለት። አባቱ ሲጠራው የማይመልስ፥ ሚስቱ ስትናገር ቃሏን የሚያቋርጥ፥ ሠራተኛው የሚነግረውን ከቍም ነገር የማይቈጥር ሰው በሱባዔ ገብቶ የእግዚአብሔርን ድምፅ እጠብቃለሁ ቢል፥ ጆሮውን ከየት አምጥቶ ይሰማል?

አንድም፥ የተሰማው ድምፅ ምስክር እንዲኖረው ነው። ሳሙኤል ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ተርጕሞ ቢነሣ፥ የሕልም ነው ወይስ የእውነት ብሎ ራሱ ይጠራጠር ነበር፤ ወይም ከዚያ የባሰው፥ ምንም ሳይጠራጠር ይታበይ ነበር። አንድም፥ ለካህኑ ክብር ነው። በዚያች ሌሊት የሚነገረው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የሚወርድ ፍርድ ነው፤ ሆኖም ፍርዱን የሚሰማውን ልጅ መስማት ያስተማረው ዔሊ ራሱ ነው። እግዚአብሔር ከደካማው ካህን ሥልጣኑን አልነፈገውም። ይህ ነገር ስለ ሰው ድካም ከካህናት ለሚሸሹ ምእመናን መልስ ይሆናል፤ ለእኛ ለካህናት ግን ሥልጣኑ ከፍርዱ እንደማያድን ስለሚያሳይ የሚያስፈራ ነው።

መስማትን ከሌላ ሰው መማር ምን እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። በንባብ ቤት ቀን ቀን ፊደልና ንባብ ከመጽሐፍ እየተመለከትን እንማራለን፤ ማታ ግን የቃል ትምህርት ይጀመራል። መጽሐፍ የለም፤ ከምድጃው ፍም በቀር ብርሃንም የለም። መምህሩ ይናገራሉ፥ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል። እኔ ውዳሴ ማርያምን የያዝሁት በዚህ ዓይነት ነው፤ ጽሕፈቱን በዓይኔ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዐሥራ አምስት ልጆች አብረን ስንጮኽ የማን ልብ እንደ ሸሸ የኔታ ከአመላለሱ ለይተው ያውቁ ነበር። አንዱን ፊደል ያላላን ልጅ በስሙ ጠርተው ያስመልሱታል። ልጁ ትክክል ያለ መስሎት ነበር፤ ስሕተቱን በገዛ ጆሮው ሊሰማው አልቻለም። ኋላ ግን ብዙ ከታረመ በኋላ የኔታ ሳይናገሩ ራሱ ይሰማዋል። መስማት የሚለመደው እንዲህ ነው።

ከዚህ በኋላ በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆን፥ አንድ ሌሊት ነጭ የለበሰ ሰው በሕልሜ መጥቶ «ተነሥ፤ ወደ ዋልድባ ሂድ» አለኝ። ነቃሁ፤ ልቤ ይመታ ነበር። በእግዚአብሔር መጠራቴን ጥርጥር አልነበረኝም። ጎሕ ሳይቀድ አኵፋዳዬን አንግቼ፥ ደበሎዬን ለብሼ ልሰናበት ወደ የኔታ ጎጆ ሄድሁ። እርሳቸው ዳዊት ይደግሙ ነበርና እስኪፈጽሙ ድረስ በደጅ ቆምሁ። ሕልሜን ስነግራቸው አላደነቁም፥ አልተቈጡምም። «ትናንት ማታ ከማን ጋራ ተጣላህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ለካ በእውነቱ ቍራሽ ለምነን ስንመለስ ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ በእንጀራ ክፍያ ተጣልቼ፥ ከእርሱ ጋራ በአንድ ጎጆ ላላድር ምዬ ነበር። ይህን ስናገር አፈርሁ። «ሂድና ታረቅ፤ ታርቀህም ሰባት ቀን እደር። ዋልድባ እንደ ሆነ ከቦታው የሚሄድ አይደለም» አሉኝ። ታረቅሁ። ነጩም ሰው ከዚያ ወዲያ ወደ ሕልሜ አልተመለሰም። ጓደኛዬ ዛሬ በሌላ ሀገረ ስብከት የደብር አለቃ ነው፤ ስንገናኝ «ዋልድባ ደረስህ?» እያለ ይሥቅብኛል።

የኔታ ሕልም ሁሉ ውሸት ነው አላሉም። ለዮሴፍም በሕልም ተነግሮታል፤ ለጻድቃንም እንዲሁ። እርሳቸው የጠየቁት ድምፁ ከየት እንደ ተነሣ ነው። በቍጣ ያደረ ልብ መሄድ ይፈልጋል፤ መሄዱም ቅዱስ እንዲመስልለት ዋልድባን ይመርጣል። ይህን ለይቶ የሚያውቅልኝ ሌላ ሰው ባይኖር እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር።

ስለዚህም ነው ጌታ ራሱ የተገለጠላቸውን ሰዎች እንኳ ወደ ሰው ሲልካቸው የምናየው። ሳውልን በደማስቆ መንገድ ላይ በብርሃን ጣለው፥ በስሙም ጠራው፤ ነገር ግን የሚያደርገውን ሁሉ በዚያው አልነገረውም፥ ወደ ከተማ ገብቶ እንዲጠብቅ አዘዘው እንጂ። የተረፈውን የሐናንያ እጅ ፈጸመው። ለቆርኔሌዎስም መልአክ ታየው፤ መልአኩ ወንጌልን ሊነግረው አይችልም ነበርን? ነገር ግን ወደ ኢዮጴ ሰው ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ አዘዘው። ጳውሎስም በጢሮአዳ የመቄዶንያውን ሰው ራእይ ባየ ጊዜ፥ ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ መሄዱ ውሳኔ ሲጽፍ «እኔ» አላለም፤ አብረው ያሉት ሁሉ እንደ መከሩበት አድርጎ በብዙ ቍጥር ተናገረ።

በአንጻሩ ደግሞ በ5ኛው መቶ ዓመት የግብፅ መነኮሳትን ትምህርት የጻፈው ዮሐንስ ካስያኖስ ስለ አንድ አረጋዊ፥ ስለ ሄሮን፥ የተረከው አለ። ሄሮን አምሳ ዓመት በበረሃ የኖረ፥ በጾምና በተባሕትዎ ከሁሉ የበለጠ ሰው ነበር። ጾሙን እንዳያጐድል ፈርቶ በትንሣኤ በዓል እንኳ ከወንድሞች ጋራ በማዕድ አይቀመጥም ነበር። ከገዛ አሳቡ በቀር የማንንም ምክር አልሰማም። በመጨረሻም ሰይጣን መልአክ መስሎ ታየውና፥ ስለ ድካምህ ዋጋ ምንም አይነካህም ብሎ አሳመነው፤ እርሱም ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ራሱን ወረወረ። ወንድሞች ሊሞት ሲያጣጥር አወጡት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከሞቱ ይልቅ የሚያሳዝነው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መታለሉን አለማመኑ ነው። አምሳ ዓመት! በእኛ በመጻሕፍት ቤት መጽሐፈ መነኮሳትን የተማሩ ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ጾም ያለ ምክር፥ ብሕትውና ያለ መታዘዝ አያድንም።

አሁን ወደ ሴሎ እንመለስ። ሳሙኤል የሰማው ቃል ምን ነበር? ልጅ ሆኖ በሌሊት ለተጠራ ሰው ሹመትና በረከት የሚነገር ይመስላል። የተነገረው ግን ዔሊ የልጆቹን ኃጢአት እያወቀ ስላልከለከላቸው በቤቱ ላይ ፍርድ እንደሚወርድ ነው፤ ያሳደገው፥ የሚወደው፥ ከጥቂት ጊዜ በፊትም ወደ መኝታው በርኅራኄ የመለሰው አረጋዊ ቤት መሆኑ ነው። ሰው ከገዛ ልቡ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ሌላውን ይወቅሳል፥ ለራሱ ደስታን ይሰጣል። ሳሙኤል ግን ፍርዱን ሰምቶ አልተደሰተም፤ ለመናገር ፈራ። በነገር ላይ የቸኰለ፥ «ጌታ ስለ እገሌ ነገረኝ» እያለ በአደባባይ የሚጮኽ ሰው ይህን ፍርሀት አያውቀውም።

ታሪኩ በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ይጨምራል፤ ሳሙኤል እስኪነጋ ተኛ፥ በማለዳም ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈ ሰው ደጅ መክፈቱን ይረሳል ብለን እንጠብቅ ነበር። እርሱ ግን የትናንቱን ሥራ ዛሬም ሠራ። ዔሊም ጠራው፤ የተነገረህን አንዳች አትደብቀኝ ብሎ አማለው። በእኔ አሳብ ዔሊ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቃሉ በራሱ ላይ እንደሚሆን ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ግን ጠየቀ። በሰማም ጊዜ ልጁን አልነቀፈውም፥ እግዚአብሔር መሆኑን ዐውቆ ለፈቃዱ ራሱን ሰጠ እንጂ። ምን ዋጋ አለው፥ ልጆቹን በጊዜው አልገሠጸም፤ ቢሆንም በዚያች ማለዳ እውነተኛ መምህር ሆነ።

ስለ መጠየቅ ከተነሣ ለመናገር የሚያሳፍረኝን አንድ ነገር ልጻፍ። የምጽፈው በሰውዬው ፈቃድ ነው፤ ነገሩም በኑዛዜ ሳይሆን በሰው ፊት የተነገረ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ይሆናል፤ በማገለግልበት አጥቢያ የሚኖር አንድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀመረ። መድኃኒቱ ለስድስት ወር የሚወሰድ ነው። ጠበልም ይጠመቅ ነበር። ሁለት ወር ሲሆነው ሳሉ ተወው፥ ምግብም ቀመሰ፥ ሰውነቱም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት በሕልሙ ድነሃል አለችው። እሑድ ቀን በደጀ ሰላሙ በር አግኝቶኝ «አባ፥ እግዚአብሔር ድነሃል ብሎኛል፤ እንግዲህ መድኃኒቱን ብተወው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔ በዚያን ቀን ለተዝካር ተጠርቼ እቸኵል ነበር። መስቀሌን በግንባሩ ላይ አሳርፌ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» ብዬው አለፍሁ። እርሱ ይህን እሺታ አድርጎ ወሰደው። እንዴት አይወስደው!

ከጥቂት ወራት በኋላ ደም እየተፋ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በሽታው የተቋረጠውን መድኃኒት ለምዶት ስለ ነበር ሕክምናው ረጅምና ብርቱ ሆነ። ትንሿ ልጁም ከእርሱ ተይዛ ታከመች። ሁለቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ፤ ሰውዬው ግን ዛሬም ወደ ደብሩ ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። እያረፈ ባየሁት ቍጥር ያች እሑድ ትዝ ትለኛለች።

ጠበሉን አልነቅፍም፤ በጠበል ሲድኑ በዓይኔ ያየኋቸው አሉ። ነገር ግን በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑ ተጽፎልን ሳለ፥ ጠበልንና መድኃኒትን የሚያጣላ ድምፅ ሲመጣ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። የኔታ ለእኔ ያደረጉትን እኔ ለዚያ ሰው አላደረግሁም። ተቀምጬ «መቼ አየኸው? ከዚያ በፊት ምን ታስብ ነበር? መድኃኒቱ ያስመርርህ ነበር? ሐኪሙስ ምን አለህ?» ብለው ኖሮ፥ ራሱ እንደ ነገረኝ፥ መድኃኒቱ ሆዱን ስለሚያውከው ሊተወው ከወሰነ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሕልሙ የመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። ዔሊ ዓይኑ ፈዝዞ ሳለ ከመኝታው ሆኖ ያስተዋለውን እኔ ዓይን እያለኝ ቆሜ አላስተዋልሁትም።

ሳሙኤልም ቢሆን ነቢይ ከሆነ በኋላ መስማትን ጨርሶ የተማረ ሰው አልሆነም። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ጸሎታቸው የተሰማላቸው ሰዎች ከዚያ ወዲያ የማይሳሳቱ ስለሚመስላቸው ነው። በእሴይ ቤት የንጉሥ ዘይት ይዞ በቆመ ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ የኤልያብን ቁመት አይቶ የተመረጠው ይህ ነው ብሎ አሰበ፤ ተሳሳተም። እግዚአብሔርም ከሰው አመለካከት የእርሱ አመለካከት የተለየ መሆኑን አስገነዘበው። ሰባቱ ልጆች ሁሉ እስኪያልፉ ታገሠ፤ ሌላ ልጅ ቀርቶ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ዳዊትም ከበጎች ኋላ ተጠራ። የሸመገለው ነቢይ በዚያ ቤት ውስጥ የሴሎው ብላቴና ሆኖ እንደ ገና ሲማር እናየዋለን።

ከዚህ የሚብሰው ግን የንጉሡ ጉዳይ ነው። የሳሙኤል ልጆች ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ አጣመሙ፤ ከዔሊ ቤት የሰማው ፍርድ የእርሱንም ደጅ የነካ ይመስላል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንተ ሸምግለሃል፥ ልጆችህም በመንገድህ አልሄዱም፥ ስለዚህ ንጉሥ አንግሥልን ባሉት ጊዜ ነገሩ አስከፋው። ማንንስ አያስከፋም? ነገር ግን ከመመለሱ በፊት ጸለየ። የተሰጠውም መልስ የሕዝቡን ቃል ስማ የሚል ነው፤ በዚያ ምዕራፍ ይህ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ተደግሞአል። ከእግዚአብሔር ፊት የቆመ ሰው የሚያሳዝነውን የሕዝብ ቃል እንዲሰማ ታዘዘ። እግዚአብሔር የሕዝቡን አሳብ ወድዶት አይደለም፤ የሚመጣባቸውንም መከራ እንዲያስጠነቅቃቸው አዝዞታል። ለሳሙኤል ግን በዚያች ሰዓት የቈሰለው የገዛ ክብሩና የእግዚአብሔር ክብር ሁለት መሆናቸውን የሚለይበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። አንድ የደብር አስተዳዳሪ ሰበካ ጉባኤው ሲቃወመው «የተቃወሙት እግዚአብሔርን ነው» ሊል ሲዳዳው ይህን ስምንተኛ ምዕራፍ ያንብብ።

የመስሚያው ስፍራ ወዴት ነው ለሚል ጠያቂ ደግሞ ሩቅ አልልከውም። በቅዳሴያችን ወንጌል ከመነበቡ በፊት ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሐዋርያት መልእክታት፥ ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ምስባክም ይሰበካል። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ የተጠራው በዚህ ዓይነት ንባብ ነው። ወላጆቹ ከሞቱ ገና ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሐዋርያት ሁሉን ትተው እንደ ተከተሉ በመንገድ ያስብ ነበር፤ ሲገባም ጌታ ለባለጸጋው ጐልማሳ ያለው ሲነበብ ደረሰ። ለሁሉ የተነበበውን ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ሰማው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን ሀብቱን ከሰጠ በኋላ ወደ በረሃ ብቻውን አልሮጠም፤ በቅርብ መንደር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብሕትውና የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበርና፥ አስቀድሞ ከእርሱ ተማረ። ዛሬ ስብከት በስልክ ሌሊትና ቀን በጆሮአችን ይፈስሳል፤ መልካም ነው፥ የራቀው ሰው ተጠቅሞበታል። ወንጌል ከተነበበ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየደረሰ፥ ከቅዳሴ በኋላ ግን «እግዚአብሔር ምን ይለኛል» ብሎ ካህን የሚጠብቀውን ሰው ግን ምን እንበለው? እግዚአብሔር የተናገረው እርሱ ገና በመንገድ ሳለ ነው።

ባለፈው የጽጌ ወራት ያ ዳገቱን እያረፈ የሚወጣው ሰው ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ትንሿ ልጁ አድጋ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ በሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታለችና ልስደዳት ወይስ ላስቀራት ብሎ ተጨንቆአል። «ደግሞም አባ፥ ሌሊት ሕልም አይቼአለሁ» አለኝና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልሁ። በዚያን ቀን ደግሞ የክርስትና ጥሪ ነበረኝ፤ ዲያቆኑ ሰዓት ደርሶአል እያለ በበሩ ቆሞ ያየኛል። ቀድመህ ሂድ ብዬ ላክሁትና በዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ እርሱንም አስቀመጥሁት። «ልጅቱ ራሷ ምን ትላለች?» አልሁት። እርሷን ገና አልጠየቃትም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።